የሱሪ ላስቲክ

ቴፑ ዝም ያለ ዕለት ሚጢጢ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ያገኘቻቸው ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የግራ ጫማቸውን በቀኝ እግራቸው አጥልቀው በር ላይ ቆመው ነው።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ሰውዬው ቀረ» አሏት። «ደኅና ቢሆን አይቀርም ነበር። ሄጄ ልየው።»

«የቱ ሰውዬ?»

አባቷ የዛሬ ልጆች ምን ነካቸው በሚል ዓይን አዩዋት። «የሚዘፍነው ነዋ!»

ያኔ ነው መደርደሪያው ላይ ያለውን ቴፕ ቀና ብላ ያየችው። ቀይዋ መብራት በርታለች፤ ካሴቱ ግን አይዞርም። ቁልፉን ደጋግማ ብትጫነው ከውስጥ እንደ ታሰረ ንብ እዝዝ አለ እንጂ ሌላ ነገር አልወጣውም። ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ አነሳች፣ ጫማቸውን አስወለቀችና «ነገ ይመጣል» አለቻቸው። አባቷ አመኗት። ሾርባቸውን ግን የዚያን ቀን አልነኩትም።

ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው። ስታድግ ይተዋታል የተባለው ስም አርባን አልፋ፣ ወገቧ ሰፍቶ፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላም አልተዋትም። ሆቴል ቤት የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ድሮ ሌላ ከተማ ባል አግብታ ትኖር ነበር። ትዳሩ ሳይሞቅ በረደ፤ እሷም እናቷ ከሞቱ በኋላ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ለጠየቃት ሁሉ «አባባን ልጦር ነው» ትል ነበር። ማን ማንን እንደሚጦር ግን የመጀመሪያው ሰሞን አልለየም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው የፊት ክፍሉ ወደ መንገድ የሚከፈት ነው፤ እሱ ነበር ሱቃቸው። መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ መቁረጫው ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ ቴፑ ደግሞ ከበላይ በክር ማጠንጠኛዎች መካከል። ያለ ዘፈን አይሰፉም። እግራቸው ፔዳሉን የሚረግጠው በዘፈኑ ምት ነበርና፣ ደንበኞቻቸው ከመንገድ ማዶ ሆነው የመኪናውን ድምፅ ብቻ ሰምተው የትኛው ዘፈን እንደተከፈተ እናውቃለን እያሉ ይቀልዱ ነበር። ካሴቶቻቸውን በካርቶን ደርድረው፣ ክሩ የላላውን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠኑ፣ በአሮጌ ሸሚዝ እየወለወሉ እንደ ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። አንድ ደንበኛ ደፍሮ ካሴት ያውሱኝ ቢላቸው «ሚስትና ካሴት አይዋሱም፤ መቀስ ከፈለግህ ግን እሰጥሃለሁ» አሉት ይባላል።

ከዚያ የተሰፋ ልብስ በየመደብሩ ሞላ። እናቷ ታመሙ። መርሳቱም በትንንሹ ጀመረ፤ መጀመሪያ የመርፌ ቦታ፣ ቀጥሎ የደንበኛ ስም፣ በመጨረሻ ለአንድ አስተማሪ አንድ እግሩ የአዋቂ፣ አንድ እግሩ የሕፃን የሚመስል ሱሪ ሰፍተው ሲያስረክቡ አስተማሪው ምንም ሳይል ተቀብሎ ሄደ። ያን ቀን ሱቁ ተዘጋ።

ሚጢጢ ስትመለስ ከዚያ ሁሉ ካርቶን አባቷ የሚያውቁት አንዲት ካሴት ብቻ ቀርታ አገኘች። ጠዋት ትከፈታለች፤ ስታልቅ ትገለበጣለች፤ እንደገና። ዘፈኗ በልጅነቷ የምታውቃት ናት፣ ግን እንዴት እንደሆነች! ዘፋኙ ድምፁ ወፍሮ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ መሃል ላይ እንደ ደከመው ሰው ቆም እያለ ነው የሚዘፍነው። ሚጢጢን ሲያማት ኖረ። «ቴፑም እንደ ባለቤቱ አረጀ» ብላ ለሥራ ጓደኞቿ ታወራ ነበር። አሁን ሲቆም ግን ያ ጉትት የሚል ድምፅ ቤቱን ሁሉ ይዞት ኖሮ፣ ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ቤቱ እላያቸው ላይ ረገበ። በስልኳ ዘፈኑን ፈልጋ ልታሰማቸው ሞከረች። አባቷ ስልኩን አይተው «ዝጊው፣ ሰው ይደውል ይሆናል» አሏት። እንደገና ብትሞክር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በነጋታው ቴፑን በአንሶላ ጠቅልላ ጠጋኝ ፍለጋ ወጣች። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠገንባቸው ሱቆች በሙሉ ስልክ ቤት ሆነዋል። አንዱ ወጣት «ቴፕ ነው ያልሽኝ? የሚለጠፈው ከሆነ ከፊት ለፊት አለ» አላት፤ እየቀለደ አልነበረም። በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ፣ ካውያና የኮረንቲ ምድጃ የሚጠግን፣ ሰፈርተኛው «ቮልት» የሚለው ሰው አገኘች። ቮልት ቴፑን ከአንሶላው ውስጥ ሲያይ የያዘውን ካውያ አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄንን ከየት አመጣሽው?»

«ያባቴ ነው።»

«ድሮ እዚህች ደጄ ላይ ቴፕ እንደ ሕመምተኛ ተሰልፎ ይውል ነበር። ሰው ሚስቱ ከታመመችበት ይልቅ ቴፑ የታመመበት ነበር የሚያለቅስብኝ።» ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኖቹን እየፈታ ወሬውን ቀጠለ። ካሴት ስለሚቀዱ ልጆች፣ አዲስ ዘፈን ሲወጣ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ስለሚያድረው ሰው፣ ካሴት ውስጥ ስለሚቀመጥ የፍቅር ደብዳቤ ሲያወራ፣ የጀርባውን ክዳን ገልብጦ ወደ ውስጥ አጎነበሰ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ምንድነው?»

ሞተሩን ከሚሽከረከረው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት፣ ቮልት ቺንጋ የሚለው፣ ቦታው ላይ የለም። በእሱ ፋንታ የገረጣ፣ ላላ ያለ፣ ጫፍና ጫፉ በክር የተሰፋ ጨርቅ መሳይ ነገር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ቮልት በጉጠት መዝዞ ብርሃን ላይ አየው።

«የሱሪ ላስቲክ! ሰውዬው ቴፑን ሱሪ አስታጥቀውታል!»

ሚጢጢ ስፌቱን አየች። ደቃቅ፣ ጥርስ በጥርስ የተደረደረ የአባቷ ስፌት ነው። «ልብስ ሰፊ አይደሉ፣ ምን ያድርጉ» ብላ እሷም ሳቀች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቮልት ላስቲኩን ቁርጥራጭ ሽቦ የሚጥልበት ቆርቆሮ ውስጥ ወረወረው፣ ከአንድ የሞተ ቴፕ ሆድ ውስጥ ደኅና ቺንጋ አውጥቶ ገጠመ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረገና ካሴቱን ከተተ።

ዘፈኑ ዘሎ ወጣ። ሚጢጢ ያለችበትን ረሳች። ያ ድምፅ፣ ያ ቀጭን፣ ያ ችኩል የወጣት ድምፅ! መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ ስትለቅም፣ ከላይ የአባቷ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ፣ የካውያው ትኩስ ሽታ። ገበያ መሃል መሆኗን ትታ አለቀሰች። ቮልትም ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ጠረገ። «እንዲህ ነበር እኮ» አለ። «በትክክል እንዲህ ነበር።»

ቴፑን አቅፋ ወደ ቤት ስትበር እግሯ መሬት አልነካም። አባቷን ወንበራቸው ላይ አስቀምጣ ቁልፉን ተጫነችና ፊታቸውን ማየት ጀመረች።

አባቷ አዳመጡ። አንገታቸውን ወደ አንድ በኩል ሰበር አደረጉ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ይሄ ጎረምሳ ማነው?»

«ያው የርስዎ ዘፋኝ ነው አባባ! ቴፑ ተሠራ እኮ።»

«አይደለም። የኔ ሰውዬ ትልቅ ሰው ነው።» ጥቂት አሰቡ። «ይሄ ልጁ ይሆናል። ድምፁ ይመስላል። አባትህ እንዴት ናቸው በይው እስቲ።»

ሚጢጢ የሚስቁ መስሏት ነበር። አልሳቁም። ዘፈኑ እስኪያልቅ መልስ ጠበቁና፣ «ስድ ነው» ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀኑን ሙሉ ደጋግማ ብትከፍተው ያው ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተጋሪያቸው እትዬ መርፌ መጡ። እትዬ መርፌ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ሰፈሩን ሁሉ በመውጋታቸው ነው። ሚጢጢ ሥራ ስትውል አባቷን የሚያዩላት እሳቸው ናቸው።

«ምነው፣ ዘፈኑ ባቡር ሊያመልጠው ነው እንዴ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ሚጢጢ ጉዳዩን ነገረቻቸው። ላስቲኩ ላይ ስትደርስ እንደገና ሳቅ መጣባት። እትዬ መርፌ ግን አልሳቁም። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«የት አደረግሽው ላስቲኩን?»

«ጣለው። ምነው?»

«እናትሽ መጨረሻ ላይ ሳንባዋ እንዴት እንደነበር ታውቂያለሽ አይደል? ሁለት ቃል ትልና ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ ይቆረጣል። እንግዲህ ያቺ ሴት ከዚህ ዘፈን ጋር አብሮ መዝፈን ትወድ ነበር። እሱ እየሰፋ፣ እሷ ከውስጥ ሆና። ሰው ካለ አፏን አትከፍትም፤ እኔም የሰማኋት ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው። ስትታመም ታዲያ ዘፈኑ እየጣላት ይሄዳል። ትጀምራለች፣ ይቀድማታል። ትጀምራለች፣ ይቀድማታል። አንድ ቀን ‹ዝጋልኝ፣ ትቶኝ እየሄደ ነው› ብላ አለቀሰች።»

ሚጢጢ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«አባትሽ ያን ቀን ቴፑን በረጋገደው። እኔ መርፌዋን ልወጋት መጥቼ ነበር፤ አንጀቱን ዘርግፎ አገኘሁት። ላስቲክ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይገጥማል፣ ያዳምጣል። ጠበቀ ብሎ ይፈታዋል፣ ላላ ብሎ ይፈታዋል። ለሙሽራ ቀሚስ እንዲህ ሲለፋ አላየሁትም። መጨረሻ ላይ አገኘው። ላስቲኩ ሲሸራተት ዘፋኙ ቆም ይላል፤ እሷ ትንፋሿን ትስባለች፤ ከዚያ አብረው ይነሣሉ። ያን ቀን ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ዘለቀችው። ወጥቼ በረንዳ ላይ ነው ያለቀስኩት።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺ መች ነበርሽ ልጄ?» አሉ እትዬ መርፌ። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

ሚጢጢ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ወደ ገበያው ጀርባ ሮጠች። ቮልት ቆርቆሮውን ገለበጠላት፤ ባዶ ነው። ጠዋት የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ወስዶታል። ሰውዬው ከልቡ አዘነ። «እኔ ምን አውቄ እህቴ። ቆይ፣ እናዘግየዋለን፤ ሞተሩ ጀርባ ላይ ማስተካከያ አለው» አለና ቴፑን አስመጥቶ በካቻቢቴው ጫፍ ትንሿን ብሎን አዞረ። ዘፋኙ ወፈረ፣ ተጎተተ። ሚጢጢ ደስ አላት፤ ያው መሰላት።

አባቷ ግን አንድ ስንኝ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄስ ሰክሯል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቀስ ይላል እንጂ አያርፍም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይጎተታል። ትንፋሽ የሚስብለት ሰው የለውም።

በዕረፍት ቀኗ ከክርና ቁልፍ መደብር የሱሪ ላስቲክ ገዛች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መርፌና ክር አቀረበችላቸው። «አባባ፣ ቴፑ ውስጥ ይገጥሟት የነበረችውን ይስፉልኝ እስቲ።» አባቷ መርፌውን ሲያነሡ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። ክሩን በአንድ ምት አስገቡት። ከዚያ ላስቲኩን በወገቧ ዙሪያ ጠምጥመው ለኩ፣ «ትንሽ ወፍረሻል መሰለኝ» አሉ እንደ ደንበኛ በትሕትና፣ በልኳ ቆርጠውም ጫፍና ጫፉን ውብ አድርገው ሰፉት። «ለነገ ይደርሳል» አሏትና መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩ።

ስለዚህ ራሷ ሰፋችው። አንሶላ የለመደ እጅ ጥቃቅን ነገር አይሆንለትም፤ ጣቷን ወጋች፣ ተሳደበች፣ ፈታች፣ ደገመች። ቺንጋውን አውጥታ ላስቲኩን ገጠመችና ክዳኑን እንኳ ሳትመልስ ቁልፉን ተጫነች።

መጀመሪያ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዘፋኙ መጣ፤ ሽማግሌው፣ የደከመው። ጎተተ፣ ቆም አለ፣ ተነሣ።

አባቷ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ሚጢጢ ከተመለሰች ወዲህ ያላየችው ነገር መጣ፤ እንግዳ በር ላይ ሲያዩ የሚሆኑትን ሆኑ። እጃቸው ከወንበሩ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ፣ የእናቷ አልጋ ወደነበረበት፣ አየሩ ላይም አንድ ነገር ቀስ አድርጎ እንደሚደግፍ ቀረ። «በርቺ» አሉ በሹክሹክታ። «እየጠበቀሽ ነው። በርቺ።»

ሚጢጢ አልተነፈሰችም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቴፑ ካሴቱን በላው። ዘፋኙ አንዴ ጮኸ፣ ታነቀ፣ ዝም አለ። ሚጢጢ ተወርውራ አጠፋችው፤ ካሴቱን ስትስበው ቡናማው ክር ከጎማዎቹ ጋር ተተብትቦ እየተዘረገፈ አብሯት መጣ። በቀስታ ላላቅቀው ስትል ጣቶቿ መካከል ተበጠሰ። የቀረው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆኗል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ክሩን ጭኗ ላይ ሰብስባ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አባቷ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቧ ተንበረከኩ። አይቆጡም፤ ብቻ እንደ መንገድ ላይ ሰው ነበር የሚያዩዋት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። የሰው ዕቃ ነው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቢሆንስ! ባለቤቱን እኔ አነጋግርልሻለሁ። ልብስ ሰፊ ነው፣ አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አይቆጣሽም።»

ቮልት ክሩን በፕላስተር ቀጣጥሎ አዲስ ካሴት ውስጥ ጠቀለለላት። ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ መሰለ። አንዴ ከፍታ ሰማችውና ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ አባቷ ስለ ሰውዬው አንሥተው አያውቁም። ሚጢጢ ከሥራ ስትመለስ ኮፍያቸውን ደፍተው በር ላይ ባገኛቸው ብላ ትመኝ ነበር፤ ሰውዬው ቀረ፣ ልፈልገው ቢሏት አብራቸው በወጣች ነበር። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ሰው የላቸውም። ከወንበራቸው ወደ አልጋቸው፣ ከአልጋቸው ወደ ወንበራቸው። ጠዋት «ደኅና አደሩ?» ስትላቸው «ደኅና፣ እናንተስ?» ይሏታል። እትዬ መርፌ አንዳንዴ ግድግዳውን አንኳኩተው «ሰላም ነው? ዝም ብላችሁብኝ» ይሉ ነበር። በኋላ እሳቸውም ዝምታውን ለመዱት።

ብርዱ ሳይወጣ አባቷ ሞቱ። ወንድሟ ከሚሠራበት ከተማ መጣ፤ ቀበሩ፤ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የፊት ክፍሉን አብረው ማጽዳት ጀመሩ። ወንድሟ ታናሽ ቢሆንም ራሰ በራ ሆኗል፣ ሲያጎነብስ ያቃስታል። ከመደርደሪያው ላይ ቴፑን አውርዶ አቧራውን እፍ አለ።

«ይሄ አሁንም አለ?»

ያኔ ነገረችው። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ እናታቸው ትንፋሽ፣ ዘፈኑ እንዴት ቆሞ ይጠብቃት እንደነበረ። ወንድሟ ቴፑን እንደያዘ ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ ፊቱ ላይ የነበረው ግን ኀዘን ሳይሆን መደነቅ ነው።

«እማዬ? እማዬ ትዘፍን ነበር እንዴ?»

«ትዘፍን ነበር።»

«እኔ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ እንዴት ነበር?»

ሚጢጢ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ያላት የእትዬ መርፌ ወሬ ብቻ ነው፤ በስስ ግድግዳ አልፎ የመጣ። አጠገቧ ሆነው የሰሟት አባባ ደግሞ ተቀብረዋል፤ የእሷ ወይም የወንድሟ ጆሮ ግን አንድ ቃል አልያዘም።

«እኔም አልሰማኋትም» አለችው።

ወንድሟ ቴፑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ሰዓቱን አየ። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። እስከ አስፋልቱ ሸኘችው፣ ተሳሳሙ፣ «ስልክ ደውይ እንጂ» አላት፣ «አንተም» አለችው። ስትመለስ የቀረው ሥራ ብዙ ነበር። መጋረጃው ለእጥበት ስለተነሣ የፊት ክፍሉ ከመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል። ከየቱ እንደምትጀምር ስላልገባት ኮቷን ሳታወልቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።